የተሰበረ እግርና የተፈረመ ውል

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል። ነገሩ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነበር። ጨዋታው በእኛ ሰዓት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋ ሲል ስለሆነ፣ ከመካከላችን ከእንቅልፋቸው ቆርሰው የሚከታተሉት ብዙዎች ናቸው። የክርክሩም ጥያቄ ይህ ነበር፤ ዕድሜው የገፋና ሰውነቱ የተጎዳ ተጫዋች «ውል አለኝ» እያለ፣ ሜዳ ሳይገባ በሚሊዮን የሚቆጠር ደመወዝ ሊቀበል ይገባዋልን? አንዱ ጓደኛችን «ይህ ከሌብነት በምን ይለያል?» ብሎ ተነሣ። ከነበርነው ሰባት ሰዎች እሱን ጨምሮ አምስቱ በአንድ ወገን ሆኑ። እኔ ከሁለቱ ወገን ነበርሁ። በዚያ ሌሊት በጩኸት ብልጫ ተሸነፍን እንጂ በምክንያት የተሸነፍን አልመሰለኝምና፣ ሐሳቤን በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ወደድሁ።

ክርክራችን ያተኮረው በስቲቭ ናሽ ላይ ነበር። ናሽ በ1974 በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ተወልዶ በካናዳ ያደገ፣ ከ1996 እስከ 2015 በአሜሪካ ሊግ የቆየ ተጫዋች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ያረጁና የተጎዱ ተጫዋቾች እያሉ የሱን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡድኖች ስለ አንዱ ሰው እርጅና ሁለት ጊዜ ሲፈርዱ፣ ሁለት ጊዜም በተቃራኒ መንገድ ሲሳሳቱ የሚታይበት ታሪክ ስለሆነ ነው።

የናሽ ቦታ ፖይንት ጋርድ የሚሉት ነበር። ይኸውም ኳሱን ከራሱ ወገን ወደ ተቃራኒው ወገን እየነዳ የሚያመጣ፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥና ኳሱ ለማን እንደሚደርስ የሚወስን ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ ዓይኑና አእምሮው አይከዱትም፤ እንዲያውም ይበስላሉ። የሚከዱት እግሩና ወገቡ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የሚጫወት ሰው መቼ እንዳበቃለት አስቀድሞ ማወቅ ከሌላው ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

በ2004 ናሽ 30 ዓመት ሞልቶት የዳላስ ቡድን ተጫዋች ነበር። የአከርካሪ አጥንት መንሸራተት ሕመም ስላለበት፣ ተቀይሮ በወጣ ቁጥር እንደ ሌሎቹ ወንበር ላይ በመቀመጥ ፈንታ፣ ወገቡ እንዳይደርቅበት ከሜዳው ጠርዝ በጀርባው ይንጋለል ነበር። ውሉ ባለቀ ጊዜ የፊኒክስ ቡድን ለስድስት ዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ቀረበ። የዳላሱ ባለቤት ማርክ ኩባን ግን ዕድሜውንና ወገቡን አስቦ «ያን ያህል አልከፍልም» አለ። «ሲያረጅ አይበጅ» የሚለውን ተረት መከተሉ ነው። ናሽም ወደ ፊኒክስ ሄደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 29 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የነበረው ፊኒክስ፣ ናሽ በገባ በመጀመሪያው ዓመት 62 ጨዋታ አሸነፈ። ናሽም በ2005ና በ2006 በተከታታይ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በ2005 ዳላስን ከውድድር ያስወጣው ይኸው «ወገቡ አይችልም» የተባለው ሰው የሚመራው ቡድን ነበር። ኩባንም ስሕተት መሥራቱን ከዚያ ወዲህ በግልጽ አምኗል።

ይህም ብቻ አይደለም። የ30 ዓመት ሰው አርጅቷል ብሎ የለቀቀው ዳላስ፣ በ2011 በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ኳሱን ይነዳለት የነበረው ጄሰን ኪድ የ38 ዓመት ሰው ነበር። እንግዲህ «እርጅና» የሚባለው ነገር በልደት ወረቀት ላይ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርድ እንምጣ። በ2012 ክረምት የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ናሽን ከፊኒክስ አመጡ። ዕድሜው ያኔ 38 ነበር። ውሉ የሦስት ዓመት ሲሆን ጠቅላላው ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከገንዘቡም በላይ፣ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች በየዓመቱ ሲከፋፈሉ ቡድኑ የሚመርጥበትን ተራ አራት ጊዜ ለፊኒክስ አሳልፈው ሰጡ። ከነዚህም አንዱ ተራ እስከ 2018 ድረስ ዕዳ ሆኖባቸው ቆይቷል። ናሽ ገና በሁለተኛው ጨዋታው፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ከተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ የግራ እግሩ አጥንት ተሰበረ። እግሩ ቢድንም ከዚያ በኋላ የወገቡ ነርቭ ይታመም ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት 50 ጨዋታ፣ በሁለተኛው ዓመት 15 ጨዋታ ተጫወተ፤ በሦስተኛው ዓመት አንድም አልተጫወተም። ድምሩ 65 ጨዋታ ነው። ገንዘቡን በጨዋታው ቁጥር ብናካፍለው፣ ለአንድ ጨዋታ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተከፈለው ማለት ነው። በመኝታ ቤታችን ጩኸቱን ያስነሣው ይህ ሒሳብ ነበር።

የሎስ አንጀለስ ደጋፊዎችም ከእኛ ጓደኞች አላነሱም። በ2014 ናሽ ስለ ራሱ በተሠራ ተከታታይ ፊልም ላይ፣ ለምን ጡረታ እንደማይወጣ ሲያስረዳ ገንዘቡን እንደሚፈልገው ሳይሸፋፍን ተናገረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ቡድኑ ናሽ በዓመቱ እንደማይጫወት አስታወቀ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ጎልፍ ሲመታ የሚያሳይ ምስል ወጣ። ያን ጊዜ ቁጣው ነደደ። ጎልፍ ለመምታት የሚበቃ ወገብ ቅርጫት ኳስ ለመጫወት እንዴት አልበቃም ተባለ። ናሽም ለደጋፊዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ሁለቱ ነገሮች እንደሚለያዩ ለማስረዳት ተገደደ። በመጋቢት 2015 ከጨዋታ ተሰናበተ።

የተቃራኒዎቼን ምክንያት ሳልቀንስ ላቅርበው። አንደኛ፣ ሊጉ ለየቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ አበጅቷል፤ ስለዚህ ለተኛው ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ለሚሮጠው ሰው ሊከፈል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ቲኬት የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ጨዋታ ለማየት እንጂ ሕመምተኛ ለመጦር አይደለም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ክብር ያለው ሰው ሥራውን መሥራት ሲያቅተው በፈቃዱ ይወጣል እንጂ የመጨረሻዋን ሳንቲም እስኪቀበል አይጠብቅም ይላሉ። ሦስቱም ቀላል ምክንያቶች አይደሉም። ቢሆንም አንድ በአንድ ሲመረመሩ የሚጠቁሙት ወደ ሌላ ሰው እንጂ ወደ ናሽ አይደለም።

ከጣሪያው እንጀምር። በ2014–15 የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ 63 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የናሽ ደመወዝ 9.7 ሚሊዮን ነበር። ሊጉም ሌከርስ ለተጎዳው ሰው ምትክ እንዲፈልጉ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል በተጨማሪ እንዲያወጡ ፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት ኮቢ ብራያንት 23.5 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት፣ ከ82 ጨዋታ 35ቱን ብቻ ተጫውቶ ትከሻው ተጎዳ። ቡድኑ በዓመቱ 21 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። «ናሽ ገንዘቡን ይዞብን ነው» ለሚል ሰው ትልቁ መልስ ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። የናሽ ውል አልቆ፣ ገንዘቡ ነጻ ወጥቶ፣ ሌከርስ በ2015–16 ያሸነፉት ጨዋታ 17 ሆነ። ዕዳ ነው የተባለው ሰው ከሄደ በኋላ ቡድኑ ይብሱን ወደቀ። የቡድኑ ውድቀት ከአንድ ሰው ወገብ የመጣ አልነበረምና። ደጋፊው ግን በባለቤቶቹና በአስተዳዳሪዎቹ ላይ ጣቱን መቀሰር ሲከብደው የታመመውን ሰው ሰደበ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይህ ነው።

ወደ ቲኬት ገዢው እንለፍ። ይህ ሰው ተጎድቷል፤ አልክድም። ነገር ግን ውሉን የፈረመው ማን ነው? የናሽ ዕድሜ የተሰወረ ምሥጢር አልነበረም። የወገቡም ሕመም በየቴሌቪዥኑ ወለል ላይ ተንጋልሎ ሲታይ የኖረ ነው። ሌከርስ ይህን ሁሉ እያወቁ ፈረሙ። የፈረሙትም ስለራሩለት ሳይሆን ትርፍ ስለታያቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ናሽ ለፊኒክስ ከ66 ጨዋታ 62ቱን ተጫውቶ፣ በየጨዋታው በአማካይ ከ10 በላይ ነጥብ የሆኑ ኳሶችን አቀብሏል። ስለዚህ ፈራሚዎቹን እንኳ «አብደው ነበር» ለማለት አልደፍርም። ሳሩን አይተው ገደሉን ያላዩ በሬዎች ነበሩ ቢባል ግን ያስኬዳል፤ ገደሉ በነሱ ዓይን ፊት ነበርና።

እዚህ ላይ የክርክሩ ዋና ነጥብ ይመጣል። ናሽ በፊኒክስ ሳለ ደመወዙ በዓመት በአማካይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ያለፈ ነበር። በዚህ ዋጋ ፊኒክስ ሁለት ጊዜ የሊጉን ኮከብ አገኘ፤ የቡድኑም ድል ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያን ጊዜ «ይህ ሰው ከተከፈለው በላይ ሠርቷልና ባለቤቱ ልዩነቱን ይጨምርለት» ብሎ የጮኸ ደጋፊ ነበርን? አልነበረም። ሁሉም «ግሩም ውል ነው» ብሎ ባለቤቱን አመሰገነ። እንግዲህ ሠራተኛው ከውሉ በላይ ሲሠራ ትርፉ የባለቤቱ ከሆነ፣ ከውሉ በታች ሲሆን ኪሣራው ለምን የሠራተኛው ይሆናል? አንድ ሚዛን ለሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ልክ ሊኖረው አይገባም። ውል ማለት ሁለት ሰዎች የነገን ነገር ሳያውቁ ዛሬ የሚገቡት ቃል ነው። ነገን የሚያውቁት ቢሆን ኖሮ ውል ባላስፈለጋቸው ነበር።

ነገን አለማወቃቸውን ለማስረዳት ሁለት ምሳሌ ልጨምር። በ2018 የሂዩስተን ቡድን ለ33 ዓመቱ ክሪስ ፖል የአራት ዓመት ውል ወደ 160 ሚሊዮን ዶላር ገባለት። ፖል በዚያው ዓመት በግንቦት ጭኑ ተጎድቶ ሁለቱን የመጨረሻ ወሳኝ ጨዋታዎች ሳይጫወት ቀርቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂዩስተን ተጸጸተ፤ ፖልን ከተጨማሪ የምርጫ ተራ ጋር ለኦክላሆማ ሲቲ ሰጠ። ብዙ ሰው ውሉን በሊጉ ካሉት ሁሉ የከፋ ነው ይል ነበር። ፖል ግን ማንም ያልጠበቀውን የኦክላሆማ ሲቲ ቡድን በ2020 ለጥሎ ማለፍ አበቃ፤ በ2021 ደግሞ ፊኒክስን ይዞ እስከ ዋንጫው ጨዋታ ደረሰ። በአንጻሩ የዋሽንግተን ቡድን በ2017 ለጆን ዎል በ2019 የሚጀምር የአራት ዓመት ውል በ170 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርምለት፣ ዎል ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ውሉ ሳይጀምር በ2019 መጀመሪያ ላይ በቤቱ አንሸራቶት ወድቆ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሽማግሌው ተነሣ፤ ወጣቱ ወደቀ። ታዲያ ይህን አስቀድሞ ማን አወቀ? ስለዚህ በእኔ አስተያየት ውል መመዘን ያለበት በተፈረመበት ቀን በታወቀው ነገር ነው እንጂ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በተገኘው ውጤት አይደለም። ከነገሩ በኋላ ብልህ መሆን ለሁሉም ቀላል ነው።

የመጨረሻው የክብር ጥያቄ ነው። ናሽ ስለ ገንዘቡ የተናገረበት መንገድ እኔንም ደስ አላሰኘኝም። ቢሆንም እውነቱን መናገሩ ከወንጀል አይቆጠርም። የሚጠየቀው ጥያቄ «ገንዘቡን ፈለገ ወይ?» ሳይሆን «ለመመለስ በታማኝነት ሞከረ ወይ?» የሚለው ነው። ሞክሯል። ሌከርስ ሁለተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ በየካቲት 7 ቀን 2014፣ 40 ዓመት በሞላበት ዕለት በፊላደልፊያ ሜዳ ገብቶ 19 ነጥብ አስቆጥሯል። ሊያታልል የተነሣ ሰው በ40ኛ ልደቱ ወገቡን እያመመው ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር አይሮጥም። የጎልፉም ነገር ቢሆን ጉዳት ደርሶበት ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ቆሞ ዱላ ማወዛወዝ ሌላ፣ በየሌሊቱ ለግማሽ ሰዓት እየሮጡ እየተጋጩ መዋል ሌላ ነው። ደህና ሆኖ ሳለ «ታምሜአለሁ» የሚል፣ ሐኪም ያዘዘለትን የማይፈጽም ተጫዋች ቢኖር ግን እኔም ከአምስቱ ወገን እቆማለሁ። ውል ለአታላይ መሸሸጊያ አይደለምና።

ከዚህም በቀር ተጫዋች በውሉ መከበሩ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ1954 የተጫዋቾችን ማኅበር ለማቋቋም የተነሣው የቦስተኑ ቦብ ኩዚ ነበር፤ እሱም ኳስ ነጂ ነው። በጥር 1964 የሊጉ ኮከቦች ለአንድ ትልቅ ጨዋታ በቦስተን ተሰብስበው ሳለ፣ የጡረታ መብታችን ካልታወቀልን ሜዳ አንገባም ብለው በመልበሻ ክፍላቸው ተቀመጡ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ተዘጋጅቶ ነበርና ጭንቀቱ ትልቅ ሆነ። የሊጉ ኃላፊ ቃል ከገባላቸው በኋላ ነው ወጥተው የተጫወቱት። በ1970 ደግሞ ሌላው ኳስ ነጂ ኦስካር ሮበርትሰን በማኅበሩ ስም ሊጉን ከሰሰ፤ በ1976 በተደረሰው ስምምነት ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገው ቡድን ለመሄድ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። እኛ በተማሪዎች ማኅበር ስር ተሰብስበን የምንጽፍና የምንከራከር ሰዎች፣ በማኅበር የተገኘን መብት «ሌብነት» ብለን ስንሰድብ ትንሽ ልናፍር ይገባናል።

በዚያ ሌሊት አንዱ ጓደኛችን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «አንተ ለወሩ የኪስ ገንዘብ የምትቸገር፣ ለሚሊየነር ማልቀስ ምን አስፈለገህ?» ጥያቄው ሳቅ አስነሣ፤ እኔም ሣቅሁ። ግን መልስ አለኝ። የማለቅሰው ለናሽ ገንዘብ አይደለም። እሱ የሚከራከርለት ወኪልና ማኅበር ያለው ሰው ነው። የሚያስፈራኝ የአስተሳሰቡ ጉዞ ነው። «ዛሬ አልሠራልንም፤ ስለዚህ የሚበላው የኛን ነው» የሚለው አነጋገር ሚሊየነሩ ዘንድ ደርሶ አይቆምም፤ ወደታች ይወርዳል። ጣቱን መኪና የቆረጠበትን የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጠመኔ ሲያቦንን ኖሮ ደረቱ የታመመበትን መምህር፣ ጭነት ሲሸከም ወገቡ የተቀጨበትን ወዛደር ያገኛቸዋል። እነሱ ደግሞ ደብዳቤ ቢጽፉ የሚያነብላቸው የለም። ስለ ትልቁ ሰው በቀልድ የለመድነውን ፍርድ በትንሹ ሰው ላይ በእውነት እንፈርደዋለን።

ይህን ሁሉ የምለው እኛው ነገ ፈራሚዎች ስለምንሆን ነው። ከዚህ ግቢ የሚወጣው ተማሪ አንዱ ሐኪም ሆኖ «ይህ ሰው ሥራ ይችላል፣ አይችልም» ብሎ ይጽፋል። ሌላው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ሆኖ «ይሰናበት» ወይም «ይቆይ» ይላል። ሌላው ዳኛ ሆኖ ውል ይተረጉማል። በዚያ ቀን ከፊታችን የሚቀርበው ሰው ጉልበቱን ለሌላ ሰው ሥራ ጨርሶ የመጣ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው «ዛሬ ምን ይሠራልናል?» ነው ወይስ «ምን ቃል ገብተንለት ነበር?»

በመኝታ ቤታችን አምስቱ አሁንም አምስት ናቸው፤ ሁለታችንም ሁለት ነን። ይሁንና ባለፈው ማታ ሒሳቡን ያወጣው ጓደኛችን፣ የ2015–16ቱን 17 ድል ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እሱን አላሰብሁትም» አለኝ። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። ከአምስቱ ወገን የሆነ አንባቢ ግን መልስ ካለው፣ በጩኸት ሳይሆን በብዕር በሚቀጥለው እትም ያቅርበው። ቦታው ለሁላችንም ክፍት ነው።